የመጀመሪያዬ ኤሌክትሪክ ጊታር፦ የትኛውን ልግዛ?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኤሌክትሪክ ጊታርና ስለ አምፕሊፋየር አመራረጥ ነው። ከመካከላችሁ ጊታር መማር የሚፈልግ ካለ ለግዢው ይረዳዋል። የማይፈልግም ቢሆን ጥሩ ጥሩ የአማርኛ ቃላት ያገኝበታል፤ ስለ ጊታር ስናወራ ክራርንና በገናን ማንሳታችን አይቀርምና።

ብዙ ቤት የሚሆነው እንዲህ ነው። ለልጁ ጊታር ይገዛለታል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከእጁ አይለየውም። በሁለተኛው ሳምንት ጣቴን አመመኝ ማለት ይጀምራል። ሦስት ወር ሳይሞላ ጊታሩ አልጋ ስር ይገባል። ልጁ "እኔ ተሰጥኦ የለኝም" ይላል። ወላጅም "ድሮም አውቄዋለሁ፣ የጀመረውን አይጨርስም" ይላል። ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ልጁ አይደለም፤ ጊታሩ ነው! ክሩ ከአንገቱ በጣም ርቆ ከተወጠረ የማንንም ጣት ያሳምማል። ቅኝቱ የማይረጋ ከሆነ ደግሞ ልጁ በትክክል ቢጫወትም የሚሰማው የተበላሸ ዜማ ነው። ሰነፍ ያልሆነውን ልጅ ሰነፍ ያስመስለዋል።

ስለዚህ ከዛሬው ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ የመጀመሪያ ጊታር የሚመረጠው በቀለሙና በስሙ አይደለም፤ ለእጅ በመመቸቱና ቅኝቱን በመያዙ ነው።

1. ጊታርና ክራር ዘመዳሞች ናቸው

ክራር አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ክራር ክሮች አሉት፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ናቸው። ክሮቹ ታች በብርኩማ ላይ አልፈው ላይ በቀንበሩ ላይ ይታሰራሉ። እያንዳንዱን ክር የምናጠብቅበትና የምናላላበት መሣሪያ መቃኛ ይባላል። ክሩ ሲመታ ድምፁን የሚያጎላው ከታች ያለው ገበቴ ነው።

ጊታርም እንደዚሁ ነው። ስድስት ክሮች፣ ስድስት መቃኛዎች፣ አንድ ብርኩማ አለው። ልዩነቱ ጊታር ረጅም አንገት ያለው መሆኑ ነው። በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች አሉ፤ ፍሬት ይባላሉ። ክሩን ከፍሬቱ አጠገብ ስንጫነው ያጥርና ድምፁ ይቀጥናል።

ኤሌክትሪክ ጊታር ግን አብዛኛውን ጊዜ ገበቴ የለውም። አካሉ ድፍን እንጨት ስለሆነ ያለ አምፕሊፋየር ሲመቱት ድምፁ በጣም አነስተኛ ነው። ከክሮቹ ስር ፒክአፕ የሚባል ነገር አለ። ፒክአፕ በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የብረቱ ክር ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል። ያ ኃይል በገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል፤ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል፤ ስፒከሩ ድምፅ አድርጎ ያወጣዋል። በዚህ ምክንያት የክላሲክ ጊታር የናይለን ክር በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ አይሠራም። ማግኔቱ ናይለንን "አይሰማውም"።

"መጀመሪያ አኩስቲክ ጊታር ካልተማረ ኤሌክትሪክ አይቻልም" የሚሉ ሰዎች አሉ። ይሄ ግዴታ አይደለም። እንዲያውም የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ቀጭን ስለሆነ ለትንሽ ጣት ይቀላል። በጣም የተለመደው የጀማሪ ክር "9" የሚባለው ነው፤ የመጀመሪያው ክር ውፍረት 0.23 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው ማለት ነው። በአኩስቲክ ጊታር ላይ የተለመደው "12" ግን 0.30 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልጁ የሚወደው ሙዚቃ በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወቱት ከሆነ በእሱው ቢጀምር ይሻላል።

2. ልኩ ስንት ነው?

ጫማ በልክ እንደሚገዛ ጊታርም በልክ ይገዛል። የጊታር ልክ የሚባለው የሚርገበገበው ክር ርዝመት ነው፤ ከአንገቱ ጫፍ ክሩ ካረፈበት ቦታ እስከ ብርኩማው ድረስ ያለው። ፌንደር የተባለው ኩባንያ በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስትራቶካስተር ልኩ 64.8 ሳንቲ ሜትር ነው። የጊብሰን ሌስ ፖል ወደ 62.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ለትንንሽ ልጆች የሚሠሩት ደግሞ ያንሳሉ፤ ስኳየር ሚኒ ስትራቶካስተር 57.8፣ ኢባኔዝ ማይክሮ 56.4 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ስኳየር የፌንደር፣ ኤፒፎን ደግሞ የጊብሰን ርካሽ ስም መሆኑንም እወቁ። ያማሃ የሚያወጣው ፓሲፊካም ለጀማሪዎች በብዛት የሚመከር ጊታር ነው።

ልኩን ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። 12ኛው ፍሬት የክሩ ትክክለኛ ግማሽ ላይ ነው። ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለውን በማስመሪያ ለኩና በሁለት አባዙት። በቃ፣ ያ ነው የጊታሩ ልክ።

ዕድሜ ብቻውን ልክን አይወስንም፤ የእጅ ርዝመት ይወስናል። ተቀምጣችሁ ጊታሩን ጭናችሁ ላይ አድርጉና ግራ እጃችሁን ወደ መጀመሪያው ፍሬት ዘርጉ። ክርናችሁ ትንሽ እንደታጠፈ ከደረሳችሁ ልካችሁ ነው። ትከሻችሁን ካሳባችሁ ትልቅ ነው። ግራኝ የሆነ ልጅ የግራኝ ጊታር መኖሩን ይወቅ፤ ነገር ግን ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ከመግዛቱ በፊት ሁለቱንም ይዞ ይሞክር።

ንግግር (ሁለት ሆናችሁ አንብቡት)

ልጅ፦ እማዬ፣ እዪው! ይሄ ቀዩ ጊታር በጣም ያምራል።
እናት፦ እሱስ ያምራል። እስኪ መጀመሪያ ተቀመጥና ያዘው። እጅህ ጫፉ ድረስ ይደርሳል?
ልጅ፦ ይደርሳል... ግን ትከሻዬን ይስበኛል።
እናት፦ እንግዲያው ያንን ትንሹን ሞክረው።
ልጅ፦ ይሄኛው ይመቻል። ግን እኮ ቀይ አይደለም!
እናት፦ ልጄ፣ የሚጫወተው ቀለሙ ነው ወይስ ጣትህ?
ልጅ፦ ጣቴ ነው። እሺ እማዬ፣ ይሄን እንይ።

3. ሱቅ ውስጥ የሚደረጉ አምስት ፈተናዎች

ሱቅ ስትሄዱ አትፈሩ፤ ጊታር ነክቶ መሞከር የተለመደ ነው። መጫወት ካልቻላችሁ ሠራተኛውን "እባክዎ ይጫወቱልን" ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሦስት ጊታሮች ሲጫወት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ። ከዚያ እነዚህን አምስት ነገሮች ፈትኑ።

አንደኛ፣ ክብደቱ። ብዙ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናሉ። አሥር ደቂቃ ያህል በማንገቻው አንግታችሁ ቁሙ።

ሁለተኛ፣ የክሩ ከፍታ። በ12ኛው ፍሬትና በወፍራሙ ክር መካከል ያለው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ማስመሪያ ከሌላችሁ ሳንቲም ይበቃል። የአሜሪካው የ25 ሳንቲም ውፍረት 1.75 ሚሊ ሜትር ነው። በፍሬቱና በክሩ መካከል ሁለት ሳንቲም ተደራርቦ እንደልቡ ከገባ ክሩ በጣም ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጥዝዝታው። እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ተጫኑና ምቱ። በገና ላይ ያ "ዝዝዝ" የሚለው ድምፅ ሆን ተብሎ የሚፈለግ ነው፤ እንዚራ የሚባሉት የቆዳ ቁራጮች የሚገቡት ለዚሁ ነው። ጊታር ላይ ግን ክሩ ፍሬት እየነካ ከጠዘጠዘ ጉድለት ነው።

አራተኛ፣ ቅኝቱ። ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብለው ይቃኛሉ። በመቃኛ መሣሪያ ወይም በስልክ አስቃኟቸውና አምስት ደቂቃ አጫውቱት። ከዚያ እንደገና ለኩት። ብዙ ከወረደ ወይም ከወጣ ተጠንቀቁ። አንድ ሌላ ፈተናም አለ፤ ክሩን ባዶውን ምቱት፣ ከዚያ በ12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱት። መሣሪያው ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ፊደል፣ በትክክል መሐል ላይ ማሳየት አለበት።

አምስተኛ፣ ኤሌክትሪኩ። ጊታሩን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኙና ቁልፎቹን ሁሉ አዙሩ፤ ገመዱንም ትንሽ ወዝወዝ አድርጉት። ከተንጫረረ ወይም ድምፁ ከጠፋ ሌላ ጊታር እዩ።

አንድ ምክር እንጨምር። ብርኩማው ቀላል የሆነውን ምረጡ። ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው ክሩን የሚቆልፍ ብርኩማ ለባለሙያ ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ግን አንድ ክር በተበጠሰ ቁጥር ግማሽ ቀን ያስፈጃል።

4. አምፕሊፋየሩስ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ትልቁን ግዙልኝ፣ 100 ዋት ያለውን!" ይላል ልጅ። እውነቱን ለመናገር ለመኝታ ቤት ከ5 እስከ 20 ዋት ይበቃል። ዋት በአሥር እጥፍ ሲጨምር ለጆሯችን የሚሰማው በግምት በእጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ 100 ዋት ከ10 ዋት አሥር ጊዜ አይጮህም፤ ሁለት ጊዜ ያህል ይጮኻል። ለጎረቤት ግን አሥሩም ይበቃል!

አምፕሊፋየር ስትመርጡ ሦስት ነገሮችን ፈልጉ፦

ሀ) የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ። አፓርትመንት ለምንኖር ሰዎች ይሄ ከሁሉ ይበልጣል። ልጁ ማታ ሊለማመድ ይችላል፣ ሕፃኑም አይነቃም። መሰኪያው ትልቁ 6.35 ሚሊ ሜትር ከሆነና ማዳመጫችሁ ትንሹ 3.5 ከሆነ ማገናኛ ይሸጣል።

ለ) ንጹሕ ድምፅና የተጋነነ ድምፅ የሚሰጡ ሁለት መንገዶች። ጀማሪ በንጹሑ ይለማመድ፤ ስህተቱን የሚሰማው በዚያ ነው። ለሮክ ሲሆን ዲስቶርሽኑን ይክፈት።

ሐ) የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ፤ ቤዝና ትሬብል የሚባሉት።

ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። በዛሬው ጊዜ ከጊታሩ ጋር ራሱ ላይ የሚሰኩ፣ እጅ ውስጥ የሚገቡ የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየሮችም አሉ። ቦታ ለጠበበበት ቤት መልካም ናቸው።

ጥንቃቄም አለ። ገመዱን ከመሰካታችሁ ወይም ከመንቀላችሁ በፊት ድምፁን ወደ ዜሮ አውርዱ። በጆሮ ማዳመጫ ስትጫወቱ ደግሞ እናታችሁ ስትጠራችሁ የምትሰሙ ከሆነ መጠኑ ጥሩ ነው። ጆሮ አንዴ ከተጎዳ መቃኛ የለውም።

ሌላም ነገር አለ፤ በተለይ ለኛ። አሜሪካ የተገዛ አምፕሊፋየር የተሠራው ለ120 ቮልት ሊሆን ይችላል። በአውሮፓ፣ በዱባይና በኢትዮጵያ ግን ቤት ውስጥ ያለው 220 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለአጎትህ ልጅ አዲስ አበባ ልትልክለት ከሆነ ወይም ቤተሰባችሁ አገር የሚቀይር ከሆነ ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ። "ከ100 እስከ 240" የሚል ከሆነ መሰኪያውን ብቻ መቀየር ይበቃል። "120" ብቻ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ሲሰኩት ይቃጠላል። ጊታሩን ራሱን ግን የትም ይዞ መሄድ ይቻላል።

5. ገንዘቡን እንዴት እንከፋፍለው?

በአሜሪካ አዲስ የጀማሪ ጊታር ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 300 ዶላር ይገኛል። ቤተሰቡ 350 ዶላር ቢኖረው እንዲህ ሊያደርገው ይችላል፦ ለጊታሩ 190፣ ለአምፕሊፋየሩ 80፣ ለማስተካከያ 50፣ ለገመድ፣ ለማንገቻ፣ ለመምቻና ለመቃኛ መሣሪያ 30። (ልጆች፣ ድምሩን አረጋግጡ!)

"ማስተካከያ" ያልነው ምንድን ነው? ባለሙያው የአንገቱን ቅናት፣ የክሩን ከፍታና ቅኝቱን ያስተካክላል። ወላጆች ብዙ ጊዜ ይህን ገንዘብ ይቆጥባሉ። ነገር ግን በርካሽ ጊታርና በጥሩ ጊታር መካከል ያለውን ልዩነት ከምንም በላይ የሚያጠበው ይሄ ሥራ ነው። የ190 ዶላር ጊታር በደንብ ከተስተካከለ ካልተስተካከለ የ400 ዶላር ጊታር ለእጅ ሊሻል ይችላል። ከሱቁ ስትገዙ "ዋጋው ማስተካከያን ይጨምራል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ያገለገለ ጊታር መግዛትም ነውር የለውም። አምስቱን ፈተናዎች ሳትዘሉ ፈትኑ፤ አንገቱንም ከጫፍ ሆናችሁ እንደ ቀስት መጉበጡን እዩ። ፍሬቶቹ ላይ ክሩ የበላው ጎድጓዳ ካለ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት። አንዳንድ ሱቆች ጊታር ያከራያሉ፤ ልጁ እስኪለይለት ድረስ ለጥቂት ወራት መከራየትም ብልሃት ነው።

6. የመጀመሪያ ልምምድ፦ ትዝታን በጊታር

በአማርኛ ቅኝት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይገልጻል። አንደኛው ክርን ማስተካከል ነው፤ ሁለተኛው የዜማው መሠረት የሆኑት ድምፆች ቤተሰብ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አራቱ ታዋቂ ቅኝቶቻችን ናቸው። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምንና ግሩም መዝሙርን የመሳሰሉ ጊታሪስቶቻችን እነዚህን ቅኝቶች በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውተዋቸዋል። እናንተም ከመጀመሪያው ቀን መጀመር ትችላላችሁ።

ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ነው፤ ቀጭኑ 1ኛ፣ ወፍራሙ 6ኛ ነው። እንዲህ ምቱ፦

5ኛ ክር፣ 3ኛ ፍሬት
4ኛ ክር፣ ባዶ
4ኛ ክር፣ 2ኛ ፍሬት
3ኛ ክር፣ ባዶ
3ኛ ክር፣ 2ኛ ፍሬት
2ኛ ክር፣ 1ኛ ፍሬት

ሰማችሁት? ይህ ሙሉው ትዝታ (ትዝታ ሜጀር) ነው። አሁን ደግሞ በሁለቱም ቦታ "2ኛ ፍሬት" ያልነውን ወደ 1ኛ ፍሬት አምጡትና ድገሙት። ያዘነ መሰለ አይደል? ትዝታ ማይነር ይባላል። ይህን ቤት ውስጥ አያታችሁ ወይም አባታችሁ ባሉበት ተጫወቱትና "ምን ያስታውስዎታል?" ብላችሁ ጠይቁ።

7. ለወላጆች

ወላጆች፣ የጣት ጫፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቆርጠሙ የተለመደ ነው፤ ቆዳው ሲጠነክር ይተዋል። የእጅ አንጓ ወይም የክንድ ሕመም ግን የተለመደ አይደለም። ወይ ጊታሩ ከልክ በላይ ነው፣ ወይ ክሩ ከፍ ብሏል፣ ወይ አያያዙ ተሳስቷል። "ሰነፍ" ከማለታችሁ በፊት ጊታሩን አስመርምሩ።

ጊታሩን ሳጥን ውስጥ አትቆልፉበት። ሳሎን ውስጥ በማቆሚያ ላይ ይቁም፤ የሚታይ ነገር ይነሣል። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመለማመድ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበልጣል። የትምህርት ቤት ሥራውን ሲጨርስ ያንሣው፤ ነገር ግን በፈተና ውጤት ምክንያት ጊታሩን መንጠቅን ቅጣት አታድርጉት።

በድሮ ጊዜ "አዝማሪ ልትሆን ነው?" የሚለው አነጋገር እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። ዛሬ በውጭ አገር ለሚያድግ ልጅ ግን ትዝታን በጣቱ ማወቅ ከአገሩ ጋር የሚያገናኘው አንዱ ድልድይ ነው። በአማርኛ ለመናገር የሚያፍር ልጅ እንኳ በአማርኛ ቅኝት ለመጫወት ላያፍር ይችላል።

የቃላት መፍቻ

መቃኘት – የክርን ድምፅ ማስተካከል
መቃኛ – ክር የሚጠብቅበትና የሚላላበት
ብርኩማ – ክሮቹ ታች የሚያርፉበት
ገበቴ – የክራርና የበገና ድምፅ ማጉያ አካል
ድኅር – የክራርና የበገና መምቻ
ግራኝ – በግራ እጁ የሚሠራ ሰው

ጥያቄዎች

1. የናይለን ክር በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የማይሠራው ለምንድን ነው?
2. ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት 31.4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የጊታሩ ልክ ስንት ነው? ከላይ ከጠቀስናቸው የየትኛው ነው?
3. በበገና ላይ የሚወደድ፣ በጊታር ላይ ግን የማይፈለግ ድምፅ ምንድን ነው?
4. "ክር" እና "ገመድ" የሚሉትን ቃላት እየተጠቀማችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

የቤት ሥራ፦ ከወላጅ ጋር አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ሂዱ። ምንም ሳትገዙ ሦስት ጊታሮችን በአምስቱ ፈተናዎች ፈትኑና ውጤቱን በአማርኛ ጻፉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በክፍል ውስጥ እናነበዋለን። የመጀመሪያው ወር ከባድ ቢመስላችሁ አባቶቻችን ያሉትን አትርሱ፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መልካም ልምምድ!